ኢንተርኔቱ እያለ ዙም ለምን ይቆራረጣል?

ሰላም ወንድሜ። 20 ሜጋ ፋይበር አለን፣ ሠላሳ ሠራተኛ ነን፣ አንድ ሰው ቪዲዮ አፕሎድ ማድረግ ሲጀምር የሁላችንም ዙም ይቆራረጣል፣ ፓኬጁን ወደ 50 እናሳድገው ወይ ነው ያልከው። ለጊዜው ገንዘባችሁን ያዙ።

የቢሮ ኔትወርክ ነው የምሠራው፣ እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲመጣ መጀመሪያ ፒንግ ነው የማስኬደው፤ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ ስንት ሚሊሰከንድ እንደፈጀ የሚነግርህ ትእዛዝ ነው። ማንም ሳይጠቀም ፒንግ አድርግ፣ ከዚያ አንድ ትልቅ ፋይል ጉግል ድራይቭ ላይ መጫን ጀምርና ቁጥሩን እያየህ ቆይ። 30 የነበረው 600፣ 800 ሚሊሰከንድ ከገባ ችግሩ ሰልፍ ነው። የአፕሎዱ ፓኬት (ዳታው ተቆራርሶ የሚሄድበት ቁራጭ) ሞደሙ ውስጥ ይከመራል፣ የዙሙ ድምፅ ከኋላው ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ድምፅ እኮ ብዙ አይበላም፤ በጂ.711 (ድምፅን ወደ ዳታ የመቀየሪያ ዘዴ ነው) የሚሄድ የአይፒ ስልክ እንኳ፣ ፓኬቱ ላይ የሚለጠፈው የአድራሻ መረጃ ተጨምሮ፣ በሰከንድ 90 ኪሎቢት አይሞላም። የሚገድለው መዘግየት ነው። 50 ሜጋ ብትገዙም ያ ሰውዬ 50ውንም ይሞላዋል።

ስለዚህ ሰልፉን ከሞደሙ አውጥተህ ራስህ ራውተር ላይ አምጣው። ራውተሩ ማይክሮቲክ ነው ስላልክ፣ ሲምፕል ኪው (ሰልፉና የፍጥነት ገደቡ የሚሠራበት ቦታ) ክፈት፣ ታርጌቱ ላይ የላኑን፣ ማለትም የቢሮውን የውስጥ ኔትወርክ፣ አድራሻ ስጥ፣ ማክስ ሊሚቱን (የፍጥነቱን ጣሪያ) አፕሎድም ዳውንሎድም 18 ሜጋ አድርገው። አዎ፣ ከከፈላችሁበት ያነሰ። እዚህ ጋ ብዙ አለቃ ያኮርፋል፤ 20 ላይ ካስቀመጥከው ግን ሰልፉ ተመልሶ ሞደሙ ጋ ይሄዳል፣ ራውተርህም የሚመርጠው ነገር አይኖረውም። መስመሩ በሥራ ሰዓት 20 የማይደርስ ከሆነ በሚጨናነቅበት ሰዓት ለክተህ ከዚያ ላይ ቀንስ፣ ውሉ ላይ ያለውን ቁጥር እርሳው። ኪው ታይፑ፣ ማለትም ሰልፉ የሚስተናገድበት ዘዴ፣ ራውተር ኦኤስ (የማይክሮቲኩ ሶፍትዌር) 7 ላይ ኬክ (CAKE) የሚባለው ይሁን፣ መጀመሪያ ኪው ታይፕስ ውስጥ ፍጠረው። 6 ከሆነ እዚያው ተዘጋጅተው ያሉትን የፒሲኪው (PCQ) ዓይነቶች ተጠቀም፤ መስመሩን በየአይፒው እኩል ያካፍላል፣ ብቻውን የቀረ ሰው ደግሞ ሙሉውን ያገኛል።

ፋየርዎሉ ውስጥ ትራፊኩን በአቋራጭ የሚያሳልፍ ፋስትትራክ የሚባል ሩል አለ፣ በዲፎልት ኮንፊጉ በርቶ ነው የሚመጣው። እሱን ካላጠፋኸው ትራፊኩ ኪውህን ዘሎ ያልፋል፣ ያን ሁሉ የደከምክበት ገደል ገባ ማለት ነው። ሲጠፋ ሲፒዩው ትንሽ ይጨነቃል፣ ለ20 ሜጋ ግን አብዛኞቹ ማይክሮቲኮች ምንም አይሉም።

ዙምን ለይተህ ፕራዮሪቲ ስጠው የሚሉህ አሉ። አይከፋም፣ ግን ሊሚት ሳይኖር ፕራዮሪቲ ባዶ ነው። ፓኬቱ ላይ ዲኤስሲፒ 46 የሚባለውን የቅድሚያ ምልክት ብታደርግበትም ከቢሮህ በር ውጭ የሚያከብርልህ አታገኝም ማለት ይቻላል። ለእያንዳንዱ ሰው 600 ኪሎቢት ቆርሶ መስጠትማ ጭራሽ አልወድም፤ ሀያው ሰው ምሳ ሲወጣ የቀሩት አሥሩ መስመሩ ባዶ ሆኖ በ600 ያዘግማሉ።

ስትጨርስ አፕሎድ እየሄደ ፒንጉን ድገመው። ከ60 በላይ የሚዘል ከሆነ ሊሚቱን ወደ 17፣ ወደ 16 አውርድ። በኬብል ይሁን ታዲያ፣ በዋይፋይ ካደረግከው የምትለካው የዋይፋዩን መጨናነቅ ነው።