ሞተሪኖው ከመፈታቱ በፊት

ሰሞኑን የሚጽፉልኝ አብዛኞቹ ከጦር ሠራዊት ወጥተው በግለሰብ እጅ የገቡ አሮጌ መኪናዎችን የያዙ ናቸው። ኡራል አለ፣ ዚል አለ፣ ኤም 35 አለ። ችግሩ ግን አንድ ነው፤ መኪናው አልነሳ ብሏል። ሞተሪኖውን (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን የኤሌክትሪክ ሞተር) አውርደው የጻፉልኝ አሉ፣ ቺያቬ (የብሎን መፍቻ) ይዘው ከሥሩ የገቡም አሉ። እስቲ ቀስ እንበል። የከባድ መኪና ሞተሪኖ ከ20 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ጀርባችሁ የሚከፍለውን ዋጋ ማስቀደም የለባችሁም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ማስነሻውን ስጫን አንዴ «ቷ» ይልና ዝም። የፊት መብራቱ ግን ቦግ ብሎ ነው የሚበራው፣ ስለዚህ ባትሪው ደህና ነው። ሞተሪኖው ተቃጥሎ ይሆን?

መብራቱን አትመነው ወንድሜ። መብራት በብርጭቆ ይጠጣል፣ ሞተሪኖ ግን በበርሜል ነው። አንድ የፊት አምፖል ጥቂት አምፔር ይበቃዋል። ሞተሪኖ ግን በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይስባል። 300 አምፔር በሚያልፍበት መንገድ ላይ የኦም መቶኛ ያህል ተቃውሞ ብቻ ቢኖር 3 ቮልት እዚያው ይቀራል። የኦም መቶኛ ማለት ትንሽ ዝገት ነው፣ ወይም ያልጠበቀ ሞርሴቶ (የባትሪው ጉጥ ላይ የሚታሰረው የገመድ ጫፍ) ነው። አምፖሉ ይህን አይሰማውም፤ ሞተሪኖው ይሰማዋል።

ስለዚህ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) አውጣና ዲሲ ቮልት ላይ አድርገው። ባትሪዎቹ ሲያርፉ መጀመሪያ ለካ፤ ባለ 24 ቮልት ከሆነ ሙሉ ሲሆኑ ከ25 ቮልት ትንሽ በለጥ ያለ ያሳያሉ። ከዚያ አንድ ሰው ማስነሻውን እንዲጫንልህ አድርግ። ማርሹ ነጻ መሆኑን ራስህ አረጋግጥ፤ በጓደኛ ቃል አትሂድ።

ቀዩን ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ጉጥ ላይ አድርግ፣ ሞርሴቶው ላይ ሳይሆን እርሳሱ ራሱ ላይ። ጥቁሩን ሞተሪኖው ላይ ወፍራሙ ገመድ ከታሰረበት ብሎን አስነካ። ጓደኛህ ሲጫን ቁጥሩን አንብብ። ከግማሽ ቮልት በታች ከሆነ መንገዱ ደህና ነው። 1 ቮልት ካለፈ ገመዱ ወይም መጋጠሚያው ላይ ነገር አለ። ቀጥሎ የማሳውን (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰውን) መስመር ለካ፤ አንዱን ጫፍ የሞተሪኖው አካል ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጌቲቭ ጉጥ ላይ። እዚህ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው የምንፈልገው።

በመጨረሻ ሶሌኖይዱ (ሞተሪኖው ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ላይ ያሉትን ሁለት ትልልቅ ብሎኖች ለካ። ሳይጫን ሙሉ ቮልቴጅ ታያለህ። ተጭኖ «ቷ» ካለ በኋላም ቁጥሩ ካልወረደ ውስጡ ያሉት የመዳብ ኮንታክቶች ተቃጥለዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ አውርደው፣ አልከራከርህም።

እኔ ራሴ ስለተታለልኩ ነው ይህን ያህል የማስረዝመው። አንድ ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ ሞተሪኖ አውርጄ፣ ካርቦን (ወደሚዞረው ክፍል ኮረንቲ የሚያስገባውን) ቀይሬ፣ ኮንታክት በብርጭቆ ወረቀት አጽድቼ መልሼ ገጠምኩ። ያው «ቷ»። ተናድጄ የማሳው ገመድ ሻሲው ላይ የታሰረበትን ብሎን ስፈታ፣ ከገመዱ ጫፍ ሥር ወታደራዊ አረንጓዴ ቀለም ወፍሮ ተቀምጧል። መኪናውን ያደሰው ሰው ሻሲውን አሳምሮ ቀብቶ ገመዱን በቀለሙ ላይ አስሮታል። ቀለሙን እስከ ባዶ ብረቱ ፋቅሁ፣ ግሪስ ቀባሁ፣ አሰርኩ፣ ተነሳ። የእነዚህ መኪናዎች ትልቁ በሽታቸው ይህ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደተቀቡ የሚያውቅ የለም።

ጥያቄ፦ የእኔ አንዴ አይደለም፣ «ጠጠጠጠ» እያለ ነው የሚንቀጠቀጠው።

ባትሪ። ሶሌኖይዱ ይስባል፣ ኮንታክቱ ሲገናኝ ሞተሪኖው ያለውን ሁሉ ይውጠዋል፣ ቮልቴጁ ይወድቃል፣ ሶሌኖይዱ ይለቃል፣ እንደገና ይስባል። የምትሰማው እሱን ነው። ባትሪ አስሞላና ሞክር። ባትሪውም ገመዱም ደህና ሆኖ ከቀጠለ የሶሌኖይዱ የመያዣ ጥምጥም ተበጥሶ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ 24 ቮልት ነው። በጎረቤቴ የቤት መኪና ባለ 12 ቮልት ባትሪ ላስነሳው እችላለሁ? ሌላው፣ ከሁለቱ ባትሪዎች አንዱ ቶሎ ቶሎ ይሞትብኛል።

መጀመሪያ የመኪናህን ቮልት በስሙ አትገምት። ወታደራዊ ሁሉ 24 አይደለም፤ ዚል 131 ባለ 12 ነው፣ ኡራል 4320 እና ኤም 35 ኤ 2 ደግሞ ባለ 24። የባትሪዎቹን አያያዝ ተከትለህ እየው። የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር ከተገናኘ ተደራርበው 24 ይሰጣሉ። ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ከሆነ 12 ነው።

የቤት መኪናውን አታገናኘው። ሰው «አንዱ ባትሪ ላይ ብቻ ልሰካው» ይላል። ማሳ ያልታሰረበት የላይኛው ባትሪ ላይ ብትሰካው፣ የሁለቱ መኪናዎች ብረት በመከላከያ በኩል እንኳ ቢነካካ የታችኛው ባትሪ በቀጥታ ሾርት ያደርጋል። ብልጭታው ገመድ ያቀልጣል። ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን ደግሞ ለመፈንዳት ብልጭታ ነው የሚጠብቀው። የሚሻለው የሚያገናኛቸውን ገመድ ፈትቶ እያንዳንዱን ባትሪ ለብቻው በ12 ቮልት ቻርጀር መሙላት ነው። ወይም የኔቶ ሶኬት (ወታደራዊ የማስነሻ መሰኪያ) ካለው ከሌላ ባለ 24 መኪና ማስነሳት።

ሁለተኛው ጥያቄህ መልሱ ጋቢናህ ውስጥ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ራዲዮ ወይም የስልክ ቻርጀር ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት እየሳበ አይደለም? እንዲያ ከሆነ አንዱ ይራባል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፣ ሁለቱም ይበላሻሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀይር ኮንቨርተር ግጠም። ባትሪ ስትቀይር ሁለቱንም አንድ ላይ፣ አንድ ዓይነት። አዲስና አሮጌ አጣምሮ ማረስ የለም።

ጥያቄ፦ ሞተሪኖው ይሽከረከራል፣ ሞተሩ ግን አይዞርም። አንዳንዴ ደግሞ ብረት ከብረት ሲፋጭ ይሰማል።

ሁለት ድምፅ ነው የነገርከኝ። «ዚይይ» ብሎ ባዶውን የሚሮጥ ከሆነ ቤንዲክሱ (ከሞተሪኖው ወጥቶ ሞተሩን የሚያዞረው ጥርስ) አልወጣም፣ ወይም ወጥቶ በአንድ በኩል ብቻ የሚይዘው ክላች ሸርቷል። ዘንጉ ላይ የደረቀ ግሪስና አቧራ ብቻ ሆኖ የሚገኝበትም ጊዜ አለ፤ ታጥቦ ይድናል።

ፍጭቱ ግን የጥርስ ነው። ሞተር ሲጠፋ የትም ቦታ አይቆምም። ባለ 6 ሲሊንደር በ3 ቦታ፣ ባለ 8 በ4 ቦታ አካባቢ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ የቮላኖው (ሞተሩ ኋላ ላይ ያለው ከባድ ክብ ብረት) ጥርስ የሚበላው እዚያ እዚያው ላይ ነው። ሞተሩን በቺያቬ ትንሽ አዙረህ ሞክር። ያኔ አጥብቆ ከያዘና በሌላ ቀን ደግሞ ካፋጨ፣ የተበላው ጥርስ ነው። ከዚያ በፊት ግን የሞተሪኖውን ማሰሪያ ብሎኖች አጥብቅ። በአንድ የላላ ብሎን የተነሳ ማርሽ ሳጥን ያወረዱ ሰዎች አውቃለሁ፤ ስማቸውን አልጠራም።

ጥያቄ፦ ጠዋት በአንዴ ይነሳል። ሠርቶ ሞቆ ሳጠፋው ግን ሞተሪኖው ይከብደዋል፣ እህህ ይላል።

መዳብ ሲሞቅ ተቃውሞው ይጨምራል፤ 60 ዲግሪ ቢጨምር ሩብ ያህል ይጨምራል። ጤነኛ ሞተሪኖ ይህን ይችለዋል፣ የደከመው አይችልም። ስታወርደው ቡሾቹን (ዘንጉን የሚይዙትን ቀለበቶች) እይ። ካለቁ የሚዞረው ኢንዶቶ (የመዳብ ጥምጥም ያለበት ዘንግ) ወርዶ ዙሪያውን ይታከካል፤ የሚያብረቀርቅ ጭረት ታይበታለህ። ቤንዚን ከሆነ ደግሞ የእሳቱን ሰዓት (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) አስፈትሽ፣ ከቀደመ ሞተሩ ወደ ኋላ ይመታል።

ጥያቄ፦ ጣቴን ካነሳሁ በኋላም ሞተሪኖው መዞሩን አላቆም አለ!

በሚቀጥለው ጊዜ አትጻፍልኝ፣ ባትሪውን ንቀል! ዋና ማጥፊያ ካለው እሱን፣ ከሌለው የማሳውን ሞርሴቶ። ኮንታክቶቹ ተበየዱ ማለት ነው። ይህ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በደከመ ባትሪ ደጋግሞ ከመሞከር ነው። ከ15 ሰከንድ በላይ አትያዘው፣ ከዚያ 2 ደቂቃ አሳርፈው።

ጥያቄ፦ ውሃ ተሻግሬ ሞተሩ መሃል ላይ ጠፋ። አሁን ስሞክር «ዱብ» ብሎ ይቆማል፤ ሞተሪኖው አቅም አጣ?

ተው፣ እንዳትደግመው። አቅም ያጣው ሞተሪኖው አይደለም። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ገብቶ ይሆናል፣ ውሃ ደግሞ አይጨመቅም። ብትገፋበት ቢየላ (ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ) ታጣምማለህ። ካንዴላዎቹን፣ ናፍጣ ከሆነ ኢንጀክተሮቹን አውጣና ሞተሩን በእጅህ አዙር። ውሃው ይተፋል። የአየር ማጣሪያውንና ዘይቱን እይ፤ ዘይቱ ወተት ከመሰለ ቀይር። የቮላኖው ቤት ሥር ደግሞ በብዙዎቹ መኪናዎች ላይ ውሃ ከመሻገር በፊት የሚደፈን ቀዳዳ አለ። ከተሻገርክ በኋላ መክፈቱን ከረሳህ ቮላኖው እዚያ ውስጥ እየዋኘ ነው።

ጥያቄ፦ የሶሌኖይዱን ሁለት ብሎኖች በካቻቪቴ አገናኝቼ ነው የማስነሳው። ችግር አለው?

አለው። ሁለቱን ትልልቆች ስታገናኝ ሞተሪኖው ይዞራል እንጂ ቤንዲክሱ ስላልተገፋ ሞተሩን አያስነሳም። የሚነሳልህ ከባትሪ ከሚመጣው ትልቁ ብሎን ወደ ትንሿ (የማስነሻው ሽቦ ወደምትገባባት) ስታገናኝ ነው። ከተነሳ ደግሞ የት ነህ? ከመኪናው ሥር፣ ጎማው አጠገብ። ማርሽ ውስጥ ቢሆን በራስህ መኪና ትጨፈለቃለህ። የማስነሻው በተን ከተበላሸ ሌላ በተን በሁለት ሜትር ሽቦ አስረህ ጋቢና ድረስ አምጣው። በመዶሻ መምታትም ለጊዜው ብቻ ነው፤ የሞተሪኖውን ጎን ቀስ ብሎ መታ ማድረግ የተጣበቀ ካርቦን አላቆ ወደ ቤት ያደርሳል። ቤት ከደረስክ ግን ካርቦኑን ቀይር።