መልስ፦ ስለ ገና ዛፍ የልጆች ሥዕል መጽሐፍ፣ የገጽ ብዛትና የዛፉ አቀማመጥ

ከ3 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች የሚያዘጋጁት መጽሐፍ ስንት ገጽ ይሁን፣ ዛፉስ ለምን መሐል ላይ ተቆርጦ ይታያል ብለው ለጠየቁት፦

የተለመደው 32 ገጽ ነው። ትልቁ የማተሚያ ወረቀት ሲታጠፍ ብዙ ጊዜ 8 ወይም 16 ገጽ ስለሚወጣው ቁጥሩ የዚያ ብዜት ይሆናል። የርዕስና የቅጂ መብት ገጾች ሲቀነሱ ለታሪኩ ከ12 እስከ 14 ጥንድ ገጾች ይቀራሉ። ጽሑፉ ከ500 ቃላት አይብለጥ፤ ኮከቡ ሲሰቀል በሥዕሉ ከታየ በቃል መድገም አያስፈልግም።

ዛፉን በተመለከተ፣ ግንዱ በሁለቱ ገጾች መሐል ካረፈ መጽሐፉ ሲጠረዝ መታጠፊያው ይውጠዋል። ወደ አንዱ ገጽ ያስጠጉት። የሰው ፊትና ጽሑፍም ከመታጠፊያው ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ይራቁ። ዛፍ ቁመታም ነውና ከአግድም መጽሐፍ ይልቅ የቁም ቅርጽ ይስማማዋል። እስከ ጫፍ የሚደርስ ሥዕል በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይኑረው፤ አለዚያ ሲከረከም ነጭ መስመር ይቀራል።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ቀለሙ ነው። ቀይ ኳስና አረንጓዴ ቅርንጫፍ ድምቀታቸው እኩል ከሆነ እርስ በርስ ይዋጣሉ፤ ቀይና አረንጓዴ መለየት ለሚያስቸግረው ልጅማ ጭራሽ ላይታዩ ይችላሉ። ሥዕሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይረው ይዩት፤ ኳሶቹ ከጠፉ ቅርንጫፉን ያጥቁሩት። ስክሪን ላይ የሚያበራ አረንጓዴም በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች (ውሃ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር) ሲታተም ስለሚደበዝዝ የታተመ ናሙና ሳያዩ ሙሉውን አይዘዙ።

የዛፉ መብራት የሚበራበትን ሥዕል ገጽ ከተገለጠ በኋላ ያድርጉት። ገጹን የገለጠው ልጅ ራሱ ያበራው ይመስለዋል።