ስልኩን አስቀምጥና ሜትር አምጣ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከወሎ የመጡትን የሥዕል ጥያቄዎች አንድ ላይ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሞናሊዛን በስልኬ ስንት ጊዜ አየኋት፤ ምንም አልተሰማኝም። ጓደኞቼ «አንተ አይገባህም» ይሉኛል። ችግሩ ከኔ ነው ከሷ? (ከደሴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ ከሁለታችሁም አይደለም፤ ከስልኩ ነው። ስልክ ላይ ትንሹም ትልቁም ሥዕል ያው የመዳፍህን ያህላል። ሜትር ፈልግና ግድግዳ ላይ በጠመኔ ቁመቱ 77፣ ወርዱ 53 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ሥራ። ሞናሊዛ ያቺ ናት። ፓሪስ ድረስ ሄዶ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ «ይቺው ናት እንዴ?» የሚለው ሰው ብዙ ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የሣላት እንጨት ላይ ነው፣ ስስ ቀለም በስስ ቀለም ላይ እየደራረበ። ከንፈሯ ዳር መስመር ፈልግ፤ አታገኝም፣ ጥላው እንደ ጭስ ሟሙቶ ይጠፋል። ፈገግ ብላለች አላለችም እየተባለ የሚያከራክረው ፈገግታው የት ላይ እንደሚያልቅ ስለማይታይ ነው። ደግሞም ዝናዋ ሁሉ ከሥዕሉ ብቻ የመጣ እንዳይመስልህ። በ1911 አንድ ጣሊያናዊ ሠራተኛ ሰረቃትና ከሁለት ዓመት በላይ ጠፋች፤ ጋዜጦች ፎቶዋን አወጡ፣ ሰዉ የተሰቀለችበትን ባዶ ግድግዳ ለማየት ተሰለፈ። በ1913 ፍሎረንስ ከተማ ተገኘች። ስለዚህ አልወደድኳትም ማለት ነውር የለውም፣ አይተሃት ከሆነ።

ሜትሩን ግን ገና አትመልስ። ሰፊ አጥር ፈልግና ቁመቱ 3.49፣ ርዝመቱ 7.77 ሜትር ለካ። የስፔናዊው ሠዓሊ የፒካሶ «ጌርኒካ» ይሄን ያህላል። በሚያዝያ 1937 የጀርመንና የጣሊያን አውሮፕላኖች ጌርኒካ የምትባለውን የስፔን ከተማ ደበደቧት፤ ፒካሶ ፓሪስ ሆኖ በአምስት ሳምንት ገደማ ሥዕሉን ጨረሰ። ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ብቻ ነው፣ ደም የሚባል ቀይ ጠብታ የለበትም። ስልክ ላይ ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ይመስላል። ዋናው ማድሪድ ነው ያለው፤ ፊቱ ሲቆሙ ግን የሚጮኸው ፈረስ ከሰው ይገዝፋል። የሞተ ልጇን ታቅፋ ወደ ላይ የምትጮኸዋን እናት ደግሞ፣ ጦርነት ያየ የወሎ ሰው ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም።

ጥያቄ፦ የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሥዕል አይቼ «ይሄንንማ የስድስት ዓመቷ ልጄም ትሠራዋለች» ብል ባለቤቴ ተቆጣኝ። እውነቱን ንገሩኝ። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ አይቆጣ። ገብረ ክርስቶስ ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ በ1962 ገደማ ሲመለስ የአዲስ አበባ ሰውም ግራ ተጋብቶ ነበር። ግን ከባዶ የመጣ ሰው አይደለም። የተወለደው ሐረር ነው፤ አባቱ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፣ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ። እሱ ደግሞ ገጣሚም ነው። በ1963 የሣለውን «ጎልጎታ» ተመልከቺ። ስቅለት ነው፣ ግን ጭፍራውም ሕዝቡም የለም። መጀመሪያ የሚይዝሽ ቀዩ ነው፤ ታሪኩን ለቀለሙ ሰጥቶት እሱ ወደ ኋላ ብሏል። መፈተኛ ልስጥሽ፦ አንዱን ቀለም በጣትሽ ሸፍኚና የቀረው ሥዕል ይቆም እንደሆነ እዪ። የልጅሽንም ሥዕል እንደዚያው ሞክሪው። (ልጅሽ ካሸነፈች በአስቸኳይ ጻፊልን።) አዲስ አበባ ከወረድሽ ዩኒቨርሲቲው በስሙ የሰየመው ሙዚየም አለ። እሱ ራሱ በ1981 አሜሪካ በስደት ሳለ ነው ያረፈው።

ጥያቄ፦ እናንተ ሁልጊዜ ፈረንጅ ፈረንጅ ነው። የእኛስ? ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። (ከወልድያ)

መልስ፦ ልክ ነዎት ጋሼ፣ ያውም እርስዎ ያሉት ከደጃፉ ነው። ከላሊበላ በስተምሥራቅ ገነተ ማርያም አለች፣ ከአለት ተፈልፍላ ዙሪያዋን በዓምድ የተከበበች። የግድግዳ ሥዕሎቿ የይኩኖ አምላክ ዘመን ናቸው፣ ከ1270 እስከ 1285 ማለት ነው። ዓለም ሁሉ የሚያደንቀው ጣሊያናዊው ጆቶ ፓዱዋ ላይ ዝነኛ የግድግዳ ሥዕሉን የጨረሰው በ1305 ገደማ ነው። እነማን እንደሣሏት ስማቸው የለም፤ እኔን ይቆጨኛል፣ እነሱ ግን ለስም አልሠሩትም። ላሊበላም ላይ ቤተ ማርያም ሲገቡ ቀና ይበሉ፤ ቅስቱና ጣሪያው ሥዕልና ሐረግ ነው። እንደገቡ ፎቶ ለማንሣት አይቸኩሉ፣ ፍላሽማ ጭራሽ ይቅር። ዓይንዎ ጨለማውን እስኪለምድ ቁጭ ይበሉ። ሥዕሎቹ ለጧፍ ብርሃን የተሠሩ ናቸው፤ መጽሔት ላይ ደማቅ መብራት በርቶባቸው ሲታዩ ሌላ ነገር ይሆናሉ።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ደግሞ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የተባለው ብራና አለ፣ በ1280 ገደማ የተጻፈ፣ የራሳቸው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕል ያለበት። ብራናውን ማየት በመነኮሳቱ ፈቃድ ነው፤ ገዳሙም ሴት አያስገባም፣ ለሴት አንባቢዎቼ ገነተ ማርያም ትሻላለች። የቆዩ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ባዩ ቁጥር ዓይን ይቁጠሩ። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ያይዎታል፤ ክፉው በጎን ይሣልና አንድ ዓይን ብቻ ይተርፈዋል። ብዙ ጊዜ ይሁዳን ከማዕዱ መሀል ለይቶ ለማውጣት ጽሑፍ ማንበብ እንኳን አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ካፌዬ ውስጥ የቫን ጎግን «ከዋክብታማ ሌሊት» ሰቅያለሁ። ደንበኞቼ «እብድ የሣለው ነው» ይሉኛል። ምን ልበላቸው? (ከሐይቅ ከተማ)

መልስ፦ በሰኔ 1889 የሣለው ደቡብ ፈረንሳይ ሳን ሬሚ የሚባል ቦታ የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ውስጥ ሆኖ ነው፣ ያ እውነት ነው። ግን ሕመሙ ሲነሣበት መሣል አይችልም ነበር፤ የሠራው ሻል ሲለው ነው። ሰማዩን በመስኮቱ አይቶታል፣ መንደሯን ግን ከመስኮቱ አትታይም፣ አስቦ ነው የጨመራት። ይሄን ሁሉ ለደንበኛ ማስረዳት ካሰለቸህ ቡናውን ቅዳለትና ዝም በል። ደብዳቤህ ላይ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ፊት ለፊት ሰቀልኩት ያልከው ግን አሳስቦኛል። የታተመ ወረቀት ስለሆነ ቀለሙ ቶሎ ይነጣብሃል፣ ወደ ጥላው ግድግዳ አዙረው።