ኳሳችን ትልቅ ሆኖ ካርዱ ለምን ረከሰ?

ትናንት ማታ አንድ ወንድማችን እዚህ ጥያቄ ለጥፎ ነበር። አጎቱ ከአሜሪካ ጠቅልሎ ሐዋሳ ሲገባ አንድ ካርቶን የስፖርተኛ ካርድ (ሰው የሚሰበስበው፣ የተጫዋች ሥዕል ያለበት ትንሽ ጠንካራ ወረቀት) ይዞ መጥቷል። ከ600 በላይ በፈረንጆቹ የ1990 እና የ1991 የቤዝቦል ካርድ፣ ትንሽ የቅርጫት ኳስ፣ ከሥር ደግሞ አንድ እፍኝ የእግር ኳስ። ዋጋ አዋቂ ነኝ የሚል ሰው መጣና ቤዝቦሉን ገፋ አደረገው። የእግር ኳሱን ዞር ብሎም አላየው። ከቅርጫት ኳሱ ሁለት ካርድ መርጦ "እነዚህን እገዛለሁ" አለ። ወንድማችን ግራ ገባው። "የቤዝቦል ካርድ በሚሊዮን ተሸጠ ሲባል እሰማለሁ፤ የእኔ 600ው ለምን አልረባም? ደግሞ ዓለም በሙሉ የሚያየው እግር ኳስን ሆኖ ካርዱ ለምን ረከሰ?" ነው ጥያቄው።

መልሴ ይረዝማል። ሻይህን ይዘህ አንብብ።

እኔ ይህን ነገር የተማርኩት ከስሬ ነው። የመጀመሪያው ኪሳራ በ1990 ዓ.ም. የፈረንሳዩ የዓለም ዋንጫ ጊዜ ደረሰ። አጎቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ጅቡቲ ይመላለሳል። ከዚያ የፓኒኒ ስቲከር በፓኬት አመጣልን። መለጠፊያ አልበሙን ግን አላመጣም። እኛስ ምን እናድርግ? ላጥንና የእናቴ ቡፌ በር ላይ ለጠፍነው። ብራዚላዊው ሮናልዶ ከመስታወቱ ሥር፣ ዚዳን ከቁልፉ ጎን። ያን ቀን የቀመስኩትን ዱላ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስቲከሮቹንም የሚያላቅቃቸው ጠፋ። ወደዚህ ቡፌ እመለሳለሁ። (ከዚህ በታች ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ ካርዶቹ ላይ ያለው እሱ ነው።)

አሞራ ገደልን፣ የሐይቃችንን የዓሣ ገበያ፣ ታውቀዋለህ። አምባዛ ከቆሮሶ ስንትና ስንት እጥፍ ይገዝፋል። ሰው የሚሻማው ግን ቆሮሶውን ነው፤ ከልጅነቱ የለመደው ጣዕም እሱ ነዋ። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ያው ሐይቅ፣ ያው ዓሣ፣ ዋጋው ሌላ። ካርድም እንደዚያ ነው። ስፖርቱ ምን ያህል ይገዝፋል የሚለው ብዙ አይነግርህም። ካርዱን በልጅነቱ በእጁ የያዘ ሰው ዛሬ ኪሱ ውስጥ ስንት አለው? ንጹሕ ሆኖ የተረፈው ካርድስ ስንት ነው? እነዚህን ሁለቱን ጠይቅ።

ከቤዝቦል እንነሳ። አሜሪካኖች ከ1880ዎቹ ጀምሮ የቤዝቦል ካርድ ያውቃሉ። የሲጋራ ፓኬት እንዳይታጠፍ የምትገባ ጠንካራ ወረቀት ነበረች፤ ነጋዴዎቹ የተጫዋች ሥዕል አተሙባት። ከ1909 እስከ 1911 ከወጡት መካከል ሆነስ ዋግነር የሚባል ተጫዋች አለ። የእሱ ሕትመት ቶሎ ቆመ። ልጆች በእኔ ሰበብ ትንባሆ አይግዙ ብሎ ነው የሚሉ አሉ። ክፍያ አልተሰጠኝም ብሎ ነው የሚሉም አሉ። ዛሬ የሚታወቁት 60 ገደማ ናቸው። አንዱ በ2022 በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

በዚያው ዓመት ቶፕስ የሚባል ኩባንያ በ1952 ያወጣው የቤዝቦል ተጫዋቹ የሚኪ ማንትል ካርድ 12.6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ልብ በል፣ ይህ የማንትል የመጀመሪያ ካርድ እንኳ አይደለም። የመጀመሪያውን ቦውማን የሚባል ኩባንያ በ1951 አውጥቶታል። የ1952ቱ ግን ትልቅ፣ ባለቀለም፣ የዚያ ዘመን ልጆች ከማስቲካ ጋር የገዙት ነው። ካርዶቹ ተከፋፍለው በየተራ ሲወጡ፣ ማንትል ያለበት ክፍል ገበያ የወጣው የቤዝቦል ወቅቱ ሊያልቅ ሲል ስለነበር ብዙው ሳይሸጥ ቀረ። ኩባንያው ከዓመታት በኋላ የተረፈውን በጀልባ ጭኖ ባሕር ውስጥ ደፋው ይባላል። ልጆቹ እጅ የገባውን ደግሞ እናቶች ጣሉት። ልጅ ኮሌጅ ሲገባ ክፍሉን ማጽዳት የትም አገር የእናት ወግ ነው።

እነዚያ ልጆች በ1980ዎቹ ጎልማሶች ሆኑ። ደመወዝ አላቸው። እናት የጣለችውን መልሰው ሊገዙ ወጡ፤ ዋጋው ጣራ ነካ። ይህን ያየ ሁሉ አዲስ ካርድ በካርቶን እየገዛ አልጋ ሥር ከተተ። "ለልጄ ትምህርት ይሆናል" እያለ። ኩባንያዎቹም ማተሚያውን ሳያጠፉ አደሩ። ወንድሜ፣ የአጎትህ 600 ካርድ የዚህ ዘመን ነው። ማንም አልጣለውም፣ ማንም አላጠፈውም፣ ሁሉም ቤት አለ። ሰብሳቢዎቹ ራሳቸው "ቆሻሻ" ነው የሚሉት። እኔም ያንን ዘመን 500 ገደማ ካርድ ነበረኝ። በመንገደኛ እጅ ለአክስቴ ልጅ ልኬ "እዚያው ሽጥልኝ" አልኩት። የቀረበለት ዋጋ የፖስታ ወጪውን እንኳ አልሸፈነም። ለጎረቤቱ ልጅ ሰጠው። ልጁም በብስክሌቱ ጎማ ቸንካሮች መካከል ሰክቶ እያንጫጫ ነዳበት አሉ።

ቅርጫት ኳስ ግን ሌላ ጨዋታ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ካርዱን የሚፈልገው ስለጠፋ ቶፕስ ከ1981-82 ወቅት በኋላ ማተሙን ተወው። ማይክል ጆርዳን ኤንቢኤ (የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ) የገባው በ1984 ነው። ፍሊር የሚባለው ኩባንያ በ1986 አንድ ስብስብ አወጣ። በጠቅላላው 132 ካርድ፣ 57ኛው ጆርዳን። ያኔ ሱቅ ውስጥ አቧራ ጠጣ። ከዚያ ሰውየው ስድስት ዋንጫ በላ። ጫማውም ዓለምን ዞረ። የቅርጫት ኳስ ሕግ የማያውቅ የፒያሳ ልጅ እንኳ የጆርዳን ጫማ ያውቃል አይደል? ሜዳ ላይ የሚገቡት አምስት ናቸው፤ አንድ ሰው ጨዋታውን ይወስናል፤ ፊቱንም የራስ ቁር አይሸፍነውም። ስለዚህ ገዢው የቡድኑን ሳይሆን የሰውየውን ካርድ ይገዛል። ቻይናም ይገዛል፣ አውሮፓም ይገዛል።

ግን ተጠንቀቅ። በ2021 መጀመሪያ፣ በኮሮናው ጊዜ፣ ያ የፍሊር ካርድ፣ የጥራት ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች ከ10 10 የሰጡት፣ በ738,000 ዶላር ተሸጠ። በ2022 ወደ 200,000 አካባቢ ወርዶ ነበር። አናቱ ላይ የገዛውን ሰው አስበው። በነሐሴ 2025 ደግሞ የጆርዳንና የሌላው የቅርጫት ኳስ ኮከብ የኮቢ ብራያንት ፊርማ ያለበት፣ ከማሊያቸው የተቆረጠ የኤንቢኤ አርማ የተሰፋበት፣ በዓለም ላይ አንድ ብቻ የሆነ ካርድ ከ12.9 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። ማንትልን በለጠው።

የአሜሪካኖቹ እግር ኳስ (የእኛው ሳይሆን ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡበት) አገራቸው ውስጥ በተመልካች አንደኛ ነው። ካርዱ ግን አንደኛ አይደለም። በቡድን 53 ሰው፣ ሁሉም የራስ ቁር ውስጥ። ዋጋ የሚያወጣው በአብዛኛው ኳስ አከፋፋዩ (ኳርተርባክ የሚሉት) ነው። ከእነሱ አንዱ የሆነው የቶም ብሬዲ አንድ ካርድ በ2021 በ3.1 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። በዚያው ዓመት የበረዶ ሆኪው የዌይን ግሬትስኪ የ1979 ካርድ 3.75 ሚሊዮን አውጥቷል። ሆኪ ከካናዳና ከአሜሪካ ውጭ ብዙ ካርድ ገዢ የለውም። ግን የካናዳው ኩባንያ ካርዶቹን ሲቆርጥ ጠርዛቸው ይቦጫጨቅ ስለነበር እንከን የሌለው ግሬትስኪ ማግኘት ጭንቅ ነው። አየህ፣ ትንሹ ስፖርት ትልቁን የሚቀድምበት ጊዜ አለ።

አሁን ወደ ኳሳችን። ፓኒኒ የጣሊያን ሞዴና ከተማ ኩባንያ ነው፤ ከ1970ው የሜክሲኮ ውድድር ጀምሮ የዓለም ዋንጫ አልበም ያወጣል። አውሮፓና ደቡብ አሜሪካ ያደገው በስቲከር ነው። ስቲከር ደግሞ የተሠራው ሊለጠፍ ነው። የአሜሪካው ልጅ ካርዱን ጫማ ካርቶን ውስጥ አኖረ፤ የጣሊያኑ ልጅ አልበም ላይ ለጠፈ፤ እኔ ቡፌ ላይ። ሁለታችን ታማኝ ደጋፊዎች ነበርን፤ ለገበያው ግን የማንረባ ነን።

ሌላው ችግር መበታተኑ ነው። ቤዝቦል አንድ ትልቅ ሊግ፣ ለረጅም ጊዜም አንድ ዋና ኩባንያ ነበረው። ሰው "የመጀመሪያ ዓመት ካርዱ የቱ ነው?" ሲል መልሱ ቶሎ ይገኛል። በእግር ኳስ ግን ጣሊያን የራሱ፣ ስፔን የራሱ፣ እንግሊዝ የራሱ አለው። ለሜሲ ሰብሳቢዎቹ በአብዛኛው የተስማሙበት ሜጋ ክራክስ በሚባለው የስፔን የ2004-05 ስብስብ ውስጥ ያለው ነው። ለድሮ ተጫዋቾች ግን ጭቅጭቁ አያልቅም። ጭቅጭቅ ያለበት ላይ ገንዘብ ይፈራል። የፔሌ የ1958 ካርድ፣ በ17 ዓመቱ ዋንጫ ባነሳበት በስዊድን የታተመው፣ በ2022 በ1.33 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። የማንትልን አንድ አሥረኛ ማለት ነው። ፔሌን የማያውቅ አለ? ማንትልንስ እዚህ ከተማ ስንት ሰው ያውቀዋል?

በዚያ ላይ የእግር ኳስ ደጋፊ ገንዘቡን ሌላ ቦታ ያወጣል። እኛ ለዲኤስቲቪ ቤት እንከፍላለን፣ ማሊያ እንገዛለን። ለወረቀት ማን ያወጣል?

እግረ መንገዴን ስለ ሯጮቻችን ልበል፤ ይሄ ያንገበግበኛል። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን አሸንፎ ዓለም አወቀው። ግን ሩጫ በየዓመቱ ተከታታይ ካርድ የሚያሳትም ሊግ የለውም። ፓኬት ቀዶ "አበበ ደረሰኝ!" ብሎ የጮኸ ልጅ ብዙ አይገኝም። ስለዚህ ዛሬ አድጎ የሚገዛውም ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ኪሳራዬ የጥንቃቄ ጉድለት ነው። የኮቢ የ1996 ቶፕስ ካርድ እጄ ገብቶ ነበር። ከሌሎቹ ጋር ጥብቅ አድርጌ በላስቲክ አስሬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ላስቲኩ ጠርዙን በላው። ደረጃ የሚሰጡት ድርጅቶች ከ1 እስከ 10 ነው የሚመዝኑት፤ የእኔ 5 ይዞ ተመለሰ። 9 ቢሆን ኖሮ የሚያወጣውን ሳስብ ዛሬም ላስቲክ ሳይ ሆዴ ይባባል።

አንተ ታዲያ ለዚያ ሰውዬ ሁለቱን ካርድ ቶሎ አትሽጥ። የመረጠው አውቆ ነው። በጨርቅ አትወልውል፣ በላስቲክ አትሰር። ኢንተርኔት ላይ ስታይ ሰው የጠየቀውን ዋጋ ሳይሆን በትክክል የተሸጠበትን ተመልከት፤ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። ከቤዝቦሉ ውስጥ ፊርማ ያለበት ወይም ከ1980 በፊት የታተመ ካለ ለይ። ቀሪውን ለልጆች ስጥ።

የእግር ኳሶቹን ግን ፎቶ አንስተህ ለጥፍልኝ፤ ስቲከር ከሆኑ ጀርባቸው መላጡንና አለመላጡን ንገረኝ። የቅርጫት ኳሱን ሁለት ካርድ የፊትም የጀርባም ፎቶ ላክ፤ ቁጥሩና ዓመቱ ጀርባው ላይ በትንሹ ተጽፏል። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የለኝም፣ አያቸዋለሁ።