ቁልፉን አይቀይሩ፤ ደብዳቤውን ያስፈርሙ

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። ጠያቂዋ እናት ከአጥራቸው ጋር የተያያዘች አንዲት ሱቅ ለልብስ ሰፊ አከራይተዋል። የአንድ ዓመቱ ውል ሐምሌ ላይ አለቀ። አላደሱትም። ሰውየው ግን በየወሩ ይከፍላል፣ እርሳቸውም ይቀበላሉ። አሁን ልጃቸው ሱቋን ሊሠራባት ፈለገ። ሦስት ጊዜ በቃል «ልቀቅልኝ» አሉት። «እሺ እማማ» ይላል፤ አይወጣም። መጨረሻ ላይ ወረቀት ጽፈው በተለማማጁ ላኩለት፤ «አልደረሰኝም» አለ። ጎረቤት ደግሞ «ቁልፉን ቀይሪና ዕቃውን ደጅ አውጪው» እያለ ነው። «ምን ላድርግ?» ብለው ጠይቀዋል።

እትዬ፣ ከቁልፉ ልጀምር። እባክዎ አይንኩት። ሱቋ የእርስዎ ናት፤ ዛሬ በእጁ ይዞ የሚገለገልባት ግን እሱ ነው። ይህን ይዞታ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 ይጠብቅለታል። በጉልበት ካስወጡት «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ይከስዎታል። ለዚህም 2 ዓመት ጊዜ አለው። ኪሳራም መጠየቅ ይችላል። የልብስ ሰፊ ሱቅ መሆኑን ደግሞ ያስቡት። ውስጥ ያለው ጨርቅ የእሱ ብቻ አይደለም። ለጥምቀትና ለጥር ሠርግ የታዘዘ የሰው ልብስ አለበት። አንድ ቀሚስ ጠፋ ቢባል ጣጣው ወደ እርስዎ ይመጣል። መብራት መቁረጥም ያው ሁከት ነው። እውነቱ በእጃቸው እያለ፣ በአንድ ቀን ንዴት ተከሳሽ ሆነው የሚመጡ አከራዮች በጣም ያሳዝኑኛል።

አሁን ወደ ውሉ። ሐምሌ ላይ ማለቁ ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሳይቃወሙ ኪራይ ተቀብለዋል። ስለዚህ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደቀጠለ ይቆጠራል። «ጊዜህ አልቋል» ብሎ ማስወጣት አይቻልም ማለት ነው። ላልተወሰነ ጊዜ የሆነ ውል የሚቋረጠው በማስጠንቀቂያ ነው።

ሦስት ጊዜ በቃል መንገርዎ ዋጋ የለውም አልልም። ግን እሱ «አልነገረችኝም» ቢል በምን ያስረዳሉ? ተለማማጁም ነገ ሥራ ሊለቅ ይችላል። በር ላይ የተለጠፈ ወረቀትም የጣና ንፋስ ወስዶት ቢያድር ምስክር አይሆንም። ዳኛው የሚጠይቀው ማስጠንቀቂያው መቼ እንደደረሰውና ምን እንደሚል ነው።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። እንዲህ ብለው ይጻፉት፦

«በ… ቀን ያደረግነው የሱቅ ኪራይ ውል ጊዜው አልፎ ላልተወሰነ ጊዜ ቀጥሏል። ከ… ቀን ጀምሮ ውሉን ያቋረጥሁ መሆኑን እያሳወቅሁ፣ እስከዚያው ቀን ሱቁን ለቀው ቁልፉን እንዲያስረክቡኝ አስጠነቅቃለሁ።»

ቀን፣ ስምና ፊርማ አይርሱ። ስድብና የቆየ ቂም አይግባበት። ደብዳቤው የሚጻፈው ውሉን ለፈረመው ሰው ነው። ለሚስቱ ወይም ለሠራተኛው አይደለም። ካርታው በሟች ባለቤትዎ ስም ከሆነ ወይም ከልጆችዎ ጋር የጋራ ከሆነ ወራሾቹም ይፈርሙ፤ ያለዚያ ውክልና ይያዙ። እዚህ ላይ የሚወድቁ ብዙ ናቸው።

የማስጠንቀቂያው ጊዜ ስንት ይሁን? ውሉ ላይ የተጻፈ ካለ እሱን ይከተሉ። ከሌለ እኔ ሁለት ሙሉ ወር ይስጡት ነው የምለው፤ ማብቂያውም ኪራይ በሚከፈልበት ቀን ላይ ይዋል። ልብስ ሰፊ ደንበኛውን ይዞ ሌላ ሱቅ ለመፈለግ ጊዜ ያስፈልገዋል። ዳኛም ይህን ያያል።

አሰጣጡ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። ሁለት ምስክር ይዘው ራስዎ ሱቁ ድረስ ይሂዱ። ምስክሮቹ ልጆችዎ ባይሆኑ ይሻላል። ፍርድ ቤት ተጠርተው ለመቅረብ የማይሰለቹ ጎረቤቶች ይሁኑ። አንዱን ቅጂ ይስጡት፣ በሌላው ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ከነቀኑ ይፈርም። አልፈርምም ካለ አይጨቃጨቁ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ይተዉለት። በእርስዎ ቅጂ ላይ «ተሰጥቶት ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆነም» ብለው ይጻፉና ሁለቱ ምስክሮች እዚያው ይፈርሙ። ፖስታ ሣጥን ካለው በሪኮማንዴም (በአደራ ደብዳቤ) ይላኩለትና ደረሰኙን ይያዙ። በዚያው ቀን የደብዳቤውን ፎቶ በቴሌግራም ይላኩለት። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ዋጋ አያጣም ይላል። ፊርማውን ግን አይተካልዎትም፤ ደጋፊ ነው።

ከዚህ በኋላ አንድ ወጥመድ አለ። የሰጡት ቀን ካለፈ በኋላ ሰውየው ኪራይ ይዞ ይመጣል። ዝም ብለው ከተቀበሉት «ውሉ እንደገና ቀጥሏል» ሊል ነው። ከተቀበሉም ደረሰኙ ላይ «ለተገለገሉበት ጊዜ የተከፈለ፤ ውሉን አያድስም» ብለው ይጻፉ። በባንክ ካስገባ ደግሞ ይህንኑ በጽሑፍ ያሳውቁት።

ቀኑ አልፎም ካልወጣ፣ ፊርማ ያለበትን ቅጂ አያይዘው ክስ ይመሥርቱ፤ እስኪወጣ ድረስ ያለውን ኪራይም አብረው ይጠይቁ። መጥሪያውን በፍርድ ቤቱ በኩል ያድርሱለት። ፈርዶልዎ እንኳ እምቢ ቢል የሚያስወጣው የፍርድ አፈጻጸም ነው፤ ያኔም ቁልፉን በራስዎ አይቀይሩ።

ይህን ስታነቡ መኖሪያ ቤት ያከራያችሁም ትኖራላችሁ። የእናንተ መንገድ ሌላ ሊሆን ይችላል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አዲስ አበባን፣ ድሬዳዋንና ክልሎች የሚወስኗቸውን ከተሞች ይመለከታል። በእነዚያ ቦታዎች ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ይመዘገባልም። ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ክፍለ ከተማችሁ ሄዳችሁ ስለ ውል ምዝገባው ጠይቁ።

እትዬ፣ ሰውየው በሰላም ከወጣም ቁልፉን በቃል ብቻ አይረከቡ። የመብራቱ ሒሳብ መከፈሉን አይተው፣ «ሱቁን አስረክቤያለሁ» የምትል አንዲት መስመር ጽፎ ይፈርምልዎ።