«የጃፓን መስጠም»፦ መሃሉን ልዝለለው ወይ ላሉን አንባቢ

ጥያቄው ይህ ነበር፦ «የጃፓናዊውን ደራሲ የሳክዮ ኮማትሱን ‹የጃፓን መስጠም›፣ ያን የጃፓን ደሴቶች ባሕር ውስጥ ሲሰምጡ የሚተርከውን ልቦለድ፣ በእንግሊዝኛ ጀምሬ መሃሉ ላይ ስብሰባና ቁጥር በዛብኝ። ልዝለለው? ከዚህ ደራሲስ ሌላ ምን ላንብብ?»

እባክዎ አይዝለሉት። የመጽሐፉ ልብ ያለው እዚያው ስብሰባው ውስጥ ነው። የመሬት መንቀጥቀጡን ብቻ ለፈለገ ሰው ፊልሙ ይበቃዋል። ኮማትሱ ግን ብዕር ያነሳው ሌላ ነገር ሲያብሰለስል ነው፦ አገሩ ከእግሩ ሥር የጠፋበት ሕዝብ፣ ሕዝብ ሆኖ ይቀጥላል ወይ? (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው በ1931 ኦሳካ ተወለደ። ጦርነቱ በ1945 ሲያበቃ 14 ዓመቱ ነበር። በዚያ ሰሞን «መቶ ሚሊዮናችንም በክብር እንለቅ» የሚል መፈክር ለተማሪ ሳይቀር ይሰበክ ነበር፤ ይህ ነገር ዕድሜ ልኩን ከአእምሮው አልወጣም። በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ የጣሊያን ሥነ ጽሑፍ አጠና፣ በመጽሔት ዘጋቢነት ሠራ፣ ለሬዲዮም ማንዛይ ይጽፍ ነበር፤ ማንዛይ ሁለት ሰዎች ቃል እየተቀባበሉ የሚያስቁበት ጨዋታ ነው። የመጽሐፉ ምሁራንና ባለሥልጣናት ሲከራከሩ ንግግራቸው ፈጣን የሆነው ከዚህ ልምድ ይመስለኛል።

ልቦለዱን በ1964 ጀምሮ በ1973 በሁለት ቅጽ አወጣው፤ ዘጠኝ ዓመት መሆኑ ነው። የምድር ቅርፊት በተንቀሳቃሽ ፕሌቶች (ግዙፍ የድንጋይ ሰሌዳዎች) የተከፋፈለ ነው የሚለው ትምህርት ያኔ ገና አዲስ ነበር። ኮማትሱ የደሴቶቹን ክብደት ለማስላት ሲል በዘመኑ እጅግ ውድ የነበረ የጠረጴዛ ካልኩሌተር ገዛ። በመጽሐፉ ውስጥ ፕሮፌሰር ታዶኮሮ የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ከቅርፊቱ በታች ያለው ወፍራም የድንጋይ ንብርብር፣ ማንትል የሚባለው፣ ፍሰቱ በድንገት አቅጣጫ ይቀይራል፣ ደሴቶቹን ደግፎ የያዘው ኃይል ይለቃል፣ ምድሪቱም ወደ ጃፓን ጥልቅ የባሕር ገደል ትንሸራተታለች።

እዚህ ላይ እውነቱንና ፈጠራውን መለየት ያስፈልጋል። ጃፓን ፕሌቶች የሚጋጩባት መሆኗ እውነት ነው (በእኛ በአፋር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ እዚያ ፕሌቶቹ ይለያያሉ)። ፈጠራው ፍጥነቱ ነው። የፓሲፊክ ፕሌት በዓመት የሚጓዘው 8 ወይም 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ልቦለዱ ግን የብዙ ሚሊዮን ዓመታትን ሥራ በጥቂት ወራት ይጨርሰዋል። ሁለተኛው ችግር ክብደት ነው። የየብስ ድንጋይ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.7 ግራም ገደማ ሲመዝን የላይኛው ማንትል 3.3 ገደማ ስለሚሆን፣ ቀላሉ በከባዱ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ እንዲሁ አይሰምጥም። ደራሲው ይህን ስለሚያውቅ ነው የማንትሉን ፍሰት የለወጠው። አንዲት ሐሰት ብቻ ያስገባል፤ ሌላውን ሁሉ በስሌት ይሄድበታል።

አሁን ወደሰለቹበት ቦታ ልምጣ። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሰው በስንት መርከብና አውሮፕላን ይወጣል? ማን ይቀበለዋል? ምስጢሩ መቼ ይነገር፣ ገንዘቡስ ዋጋ ሳያጣ እንዴት ይውጣ? በዕድሜ የገፉት አዛውንት ዋታሪ የሰበሰቧቸው ሊቃውንት ሦስት መንገድ ያስቀምጣሉ፦ ሌላ ቦታ አዲስ አገር ማቆም፣ በየአገሩ ተበትኖ መዋሐድ፣ ማንም ለማይቀበላቸው ደግሞ የተለየ መላ መፈለግ። ከዚያ አንድ ተጨማሪ ሐሳብ ይነሳል፦ ምንም ባናደርግ ይሻላል፤ ከደሴቶቹ ጋር እንለቅ። ያን የ1945 መፈክር እዚህ ጋ ያስታውሱት። ያ የ14 ዓመት ልጅ የሰማው ነገር ተመልሶ የመጣው እዚህ ነው፤ መጽሐፉም መልስ የሚሰጠው ሰው በማዳን ነው። ይህን ገጽ የዘለለ ሰው መጽሐፉን አነበብኩ ማለት ይከብደዋል።

ለማንበብ እንዲቀልዎ የጃፓንን ካርታ ከጎንዎ ያድርጉ፤ ኦጋሳዋራን፣ ቶኪዮን፣ ፉጂን፣ ኪዮቶንና ሺኮኩን ምልክት ያድርጉባቸው። ስሞቹንም በወረቀት ይያዙ፦ የባሕር ሰርጓጅ መርከቡ ነጂ ኦኖዴራ፣ ታዶኮሮ፣ ዋታሪ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ። የኦኖዴራን የፍቅር ታሪክ ቶሎ ቶሎ ቢያልፉት ብዙ አይጎድልብዎትም። የማይክል ጋላገር የ1976 እንግሊዝኛ ትርጉም ከጃፓንኛው ያጠረ መሆኑንም ይወቁ፤ አሁን በዛብኝ ያሉት ክፍል ከተቆረጠ በኋላ የተረፈው ነው።

ከፊልሞቹ የ1973ቱን ይምረጡ። ተዋናዩ ሎርን ግሪን የሚታይበት «ታይዳል ዌቭ» የተባለው ግን ያው ፊልም ለአሜሪካ ተቆራርጦ የቀረበ ስለሆነ ይለፉት። የ2006ቱ መጨረሻውን ለውጦ መስጠሙን በፈንጂ ያስቆመዋል፤ እንዲህ ሲሆን የኮማትሱ ጥያቄ ከነጭራሹ ይቀራል። የ2020ው አኒሜ (የጃፓን የካርቱን ሥራ) በአንድ ቤተሰብ ዙሪያ የተሠራ ሌላ ታሪክ ስለሆነ ከመጽሐፉ በኋላ ይዩት።

ቀጥሎ የሚነበበው «ቫይረስ» ነው፤ ጃፓንኛው በ1964፣ እንግሊዝኛው በ2012 ወጥቷል። ከቤተ ሙከራ የተሰረቀ ኤምኤም-88 የተባለ ተውሳክ የያዘ አውሮፕላን በበረዶ በተሸፈነው አልፕስ ላይ ይወድቃል፤ ጸደይ መጥቶ በረዶው ሲቀልጥ ወረርሽኙ ይጀምራል። በሕይወት የሚቀሩት ቅዝቃዜው የጠበቃቸው የአንታርክቲካ ሰዎች ናቸው። ከ«የጃፓን መስጠም» ይልቅ ፈጣን ስለሆነ፣ አሁን ድካም ከተሰማዎት እሱን አስቀድመው ቢጨርሱና ወደ ስብሰባዎቹ ቢመለሱ ጥሩ ነው።