ነጥቡ ያድጋል፣ ቁልፉ ግን አሁንም ይጠፋል
ጥያቄ፦ አባቴ 71 ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። የምንኖረው ጅማ፣ ሂርማታ ነው። ቁልፍ፣ መነጽር፣ የሰው ስም መርሳት ጀምረዋል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ታብሌት ልኮ «የአንጎል ማሠልጠኛ» የሚባል ጨዋታ ጫነላቸው፤ በየወሩም ይከፍልበታል። ነጥባቸው እያደገ ነው፤ ቁልፉን ፈላጊዋ ግን አሁንም እኔ ነኝ። የዕድር ስብሰባ «ሰው ዘንድሮ ያንሾካሹካል» ብለው ቀርተዋል። ቤት ቁጭ ብለው ቴሌቪዥኑን ጎረቤት እስኪሰማ ከፍተው ይጫወታሉ። ክፍያው ይቀጥል?
የመምህሩ ልጅ፣ ከጅማ

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ አስቦላቸው ነውና አትቆጪው። ክፍያውን ግን ያቁም።

እንዲህ ያለ ጨዋታ በዋናነት የሚያጎብዘው በራሱ በጨዋታው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በእንግሊዝ አገር የወጣ ጥናት 11,430 ሰዎችን ለስድስት ሳምንት አጫውቷል። በተለማመዱት ጎበዙ፤ በሌላው ፈተና ግን ለውጥ የለም። እርግጥ በዕድሜ ከአባትሽ ያነሱ ነበሩ። አሜሪካ ውስጥ ከ65 ዓመት በላይ በሆኑ 2,832 ሰዎች ላይ የተደረገው ደግሞ ትንሽ ያጽናናል፤ የፍጥነትና የማመዛዘን ልምምድ የሠሩት ያንን ችሎታ ከ10 ዓመት በኋላም አልጣሉትም። የማስታወስ ልምምዱ ግን ያን ያህል አልዘለቀም። ማስታወቂያውንማ ተዪው! እ.ኤ.አ. በ2016 ሉሞሲቲ የተባለው ጨዋታ ባለቤቶች «እርጅና የሚያመጣውን መርሳት ይከላከላል» ብለው ያለ በቂ ማስረጃ በማስተዋወቃቸው 2 ሚሊዮን ዶላር ከፍለዋል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን በጎን የጻፍሽው ነው። ሰው ያንሾካሹካል፣ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል። አባትሽ ጆሯቸው ደክሞ ይሆናል! በነርስነት በሠራሁበት ዘመን «አባባ ዘነጉ» ተብለው የመጡ፣ ነገሩን ከመጀመሪያውም ያልሰሙ አዛውንቶች አይቻለሁ። ስሙን ያልሰሙትን ሰው እንዴት ብለው ያስታውሱታል? በዚያ ላይ የማይሰማ ሰው ከሰው ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ዘገባ ለመርሳት በሽታ ያጋልጣሉ፣ ግን ልንከላከላቸው እንችላለን ካላቸው 14 ነገሮች መካከል የመስማት ችግርም ብቸኝነትም አሉ። ደም ግፊትና ስኳርም እንደዚያው።

ስለዚህ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው። ጆሯቸውን ይዩላቸው፤ አንዳንዴ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል። በክብሪት እንጨት አትነካኩት፣ አደራ። ግፊትና ስኳራቸውንም ይለኩ። ኩክ ካልሆነ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሪፈር አጽፉ።

ታብሌቱን ከወደዱት ይጫወቱ፣ ማን ይከለክላቸዋል። ዳማ የሚችል ጎረቤት ካለ ግን እሱን ጥሪላቸው። ዳማ መድኃኒት ነው አልልሽም፤ ቢያንስ ፊት ለፊት የሚያወራቸው ሰው ያገኛሉ።

ከመርካቶ ወደ ቤት የሚመጡበት መንገድ ከጠፋቸው፣ ወይም የሒሳብ መምህሩ የሱቅ መልስ መቁጠር ካቃታቸው፣ የእርጅና ነው ብለሽ አትለፊው፤ ለሐኪም ንገሪ። በድንገት ከተቀያየሩ ደግሞ ሳታድሪ ሆስፒታል ውሰጃቸው።

ወንድምሽ የጨዋታውን ገንዘብ ያጠራቅም። መስሚያ መሣሪያ ቢታዘዝላቸው ዋጋው ቀላል አይደለም።